መኪና ውስጥ የሚጠብቀው ሰው

ባለቤቴ ሽማግሌ የላከብኝ ሁለት ጊዜ ነው። በመጀመሪያው ሊያገባኝ ነበር። በሁለተኛው የሆነውና ሰው የሚያወራው ስለማይገናኝ፣ ማን ይናገር የነበረ፣ ማን ያርዳ የቀበረ እንዲሉ፣ እኔው ልናገረው ብዬ ተቀመጥኩ። ኦክላንድ ውስጥ «ባሏ ሲታመምባት ጥላው ሄደች» እባላለሁ። ሳን ሆዜ ውስጥ ደግሞ «ሲደበድባት ኖሮ ነው፤ ምን ታድርግ» ይሉልኛል። ሁለቱም ወሬ ያበሳጨኛል። ይበልጥ የሚያበሳጨኝ ደግሞ ሁለቱም ውስጥ ትንሽ ትንሽ እውነት መኖሩ ነው።

ባለቤቴ ኳስ ተጫዋች ነበር። ኳስ ስል የእኛን ኳስ እንዳይመስላችሁ፤ እንቁላል የምትመስለዋን፣ በእጅ የምትያዘውን፣ ሄልሜት ደፍተው እየተላተሙ የሚጫወቷትን ነው። ያውም አሜሪካ አይደለም፣ ካናዳ። የካናዳው ሜዳ ከአሜሪካው ሰፋም ረዘምም ይላል። ሰፊ ሜዳ ብዙ መሮጫ አለው፤ ብዙ ሮጦ የመጣ ሰው ሲጋጭ ደግሞ አይጣል ነው። የእሱ ሥራ፣ ቡድኑ ኳሷን ወደ ላይ ሲለጋት ያን ሁሉ ሜዳ በርሮ የተቀበላትን ሰው መሬት ላይ መዘረር ነበር። ሌላ ሥራ አልነበረውም። ሰባት ዓመት እየሮጠ ከሰው ጋር ተላተመ።

ተወልዶ ያደገው ኦክላንድ ነው። አማርኛ ይሰማል፤ ሲናገር ግን ወንዱን ሴት፣ ሴቷን ወንድ እያደረገ ነው። ኮሌጅ ሲጨርስ የአሜሪካ ቡድኖች አጭር ነህ ብለው መለሱት፤ ካናዳ ውስጥ፣ ምድሩ እስከ ሰማይ ዳርቻ ዝርግ የሆነ አንድ የብርድ ከተማ ተቀበለው። በበጋ ይጀምሩና በረዶ ላይ ይጨርሳሉ። የጨዋታው ወቅት ሲያልቅ ኦክላንድ ተመልሶ ትምህርት ቤት ውስጥ ከሥራ የቀሩ አስተማሪዎችን እየተካ ያስተምር ነበር፤ ደመወዙ የሚያወሩለትን ያህል አልነበረምና።

እኔ ያወቅሁት ጠቅልሎ ከተመለሰ በኋላ ስለሆነ ጨዋታውን ያየሁት በቪዲዮ ነው። አንዱ ቪዲዮ ላይ ተጋጭተው ሲወድቁ ሕዝቡ ይጮኻል፤ እሱ ብድግ ይልና ወደ ሌላኛው ቡድን ወንበር መሄድ ይጀምራል፤ ጓደኞቹ ትከሻውን ይዘው እየሳቁ ይመልሱታል፤ እሱም አብሯቸው ይስቃል። ይህን ለእንግዳ ሁሉ እያሳየ ይስቅ ነበር። እንዲህ ከተመታ በኋላ ሐኪም መጥቶ ዛሬ ከማን ጋር ነው የምንጫወተው፣ ውጤቱስ ስንት ነው ብሎ ይጠይቀዋል። ካላወቀ ያስቀምጡታል፤ ብዙ ከተቀመጠ ደግሞ በቦታው ሌላ ሰው ይገባል። ስለዚህ ሐኪሙ ሲመጣ ከትከሻው በላይ ያለውን የውጤት ሰሌዳ ቶሎ ያነብብና ይመልሳል። «ኤቭሪባዲ እንደዛ ነው የሚያደርገው» ይለኛል። እኛም ጮሌነቱን እያደነቅን አብረን እንስቅ ነበር።

የተዋወቅነው አንድ የኮሚኒቲ ዝግጅት ላይ ነው። ዲቪ ደርሶኝ ከመጣሁ ዓመት አልሞላኝም፤ ሳን ሆዜ አክስቴ ቤት ነበርኩ። መድረክ መሪው «ታዋቂው የእግር ኳስ ተጫዋቻችን» ብሎ ጠራው፤ ወጣቶቹም የእኛን ኳስ አምጥተው እግሩ ሥር አስቀመጡና አንዴ ምታልን አሉት። ላሳፍራቸው አይገባም ብሎ መታት። ኳሷ አጥሩን ዘልላ የአንድ አዛውንት ቶዮታ ስፖኪዮ ይዛ ወረደች። ሌላው ሰው ሲደነግጥ እኔን ሳቅ ያዘኝ። ሳቅ ከያዘኝ ደግሞ አይለቀኝም፤ እናቴ በዚህ ጠባዬ ለቅሶ ቤት ይዛኝ አትሄድም ነበር። መጥቶ ፊቴ ቆመና «ዋት ኢዝ ፈኒ?» አለኝ። «ካናዳ የከፈሉህ በዚህ ነው?» አልኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየሰበቡ ሳን ሆዜ ይመላለስ ጀመር።

ሊያገባኝ ሲወስን በደንቡ ይሁን አለ። እኔ ለደንብ ብዙም ነኝ፤ ሲቲ ሆል ሄደን እንፈራረምና ይብቃን ብዬው ነበር። «ኖ፤ ሽማግሌ እልካለሁ። ማዘር እንደዛ ነው የነገረችኝ» አለ። እናቱ በሕይወት አልነበሩም። ሄዶ የለመናቸው ያንኑ ስፖኪዮአቸውን የሰበረባቸውን ሰው ነው። እሳቸው በንጉሡ ጊዜ ለትምህርት መጥተው የቀሩ ኢንጂነር ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ማውንቴን ቪው ሲሠሩ ኖረው አሁን ሳኒቬል በጡረታ አሉ። ቃል ሲሰጡም ሲቀበሉም እንደ ሰነድ ነው የሚያዩት።

ሁለት ሰው ጨምረው ቅዳሜ ከሰዓት አክስቴ ቤት መጡ። ተቀመጡ ብትላቸው «አንቀመጥም፤ የመጣንበት ጉዳይ አለን» ብለው ቆሙ። ጉዳያቸውን ቆመው ተናገሩ። አክስቴ በውስጧ እልል እያለች ፊቷን አጨፍግጋ «እንግዲህ አስበንበት ከሁለት ሳምንት በኋላ መልስ እንሰጣለን» አለች። ወጉ እንደዚያ ነው፤ ሴት ልጅ በተጠየቀችበት ቀን አትሰጥም። እኔ ጓዳ ሆኜ አፌን በእጄ ይዤ ነበር።

እሱ ደጅ፣ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቃል። ሽማግሌዎቹ ሲወጡ መስኮቱን አውርዶ የጠየቃቸውን ከጓዳ ሰማሁት።

«ጋሼ፣ ምን አለች?»

«ቀጠሮ ተሰጠን።»

«ቀጠሮ? አፖይንትመንት? ዴንቲስት ናት እንዴ?»

ኢንጂነሩ ሳቃቸውን ዋጡ። እሱ ሳቀ፤ ትንሽ አሰበና «ኦኬ። አይ ካን ዌይት» አለ። ከጋብቻችን በኋላ እኔ ካምቤል አንድ የጥርስ ሐኪም ቢሮ ሥራ ሳገኝ ደውሎላቸው «ነግሬዎት አልነበረም?» ብሎ አስቋቸዋል።

ኦክላንድ ገባን፤ ሴት ልጅ ወለድን። እሱም የሰው ሰው ሆነ። የሃይስኩል ልጆች ያሠለጥናል፣ ምርቃት ላይ ይናገራል፣ ለቅሶ ቤት ወንበር ይደረድራል። ኮሚኒቲው ሊቀ መንበር አድርጎ መረጠው። ቆይቶም ለትምህርት ቦርድ ተወዳደረ፤ የእኛ ሰው ቅዳሜ ቅዳሜ በር እያንኳኳ ቀሰቀሰለትና አሸነፈ። ያን ሰሞን ቴሌግራፍ ጎዳና ላይ ምሳ በልተን ሒሳብ የሚቀበለን ጠፍቶ ነበር። ሰው ስም ሲያገኝ እንዴት እንደሚያደርጉት በደንብ አየሁ። ሲያጣ የሚያደርጉትንም ለማየት ብዙ አልቆየሁም።

ሕመሙ መቼ ጀመረ ብትሉኝ አላውቅም። ራሱን ያመዋል፤ ብርሃን ያስጠላዋል፤ መጋረጃውን ዘግቶ ይተኛል። ቁልፍ ይጠፋበታል፤ ቁልፍ የማይጠፋበት ማን አለ? ቀኑን ስጠይቀው ፍሪጁ ላይ ወደተለጠፈው ካላንደር ዓይኑን ጣል አድርጎ ነው የሚመልስልኝ። ያችን አስተያየት የት እንደማውቃት ያስታወስኩት ዘግይቶ ነው። አንድ ቀን በ880 አውራ ጎዳና እየነዳ መውጫውን አልፎ ሄይዋርድ ደረሰና ደወለልኝ።

«ሆኒ፣ የምንኖረው ኦክላንድ ነው አይደል?»

ቀልድ መስሎኝ «የለም፣ ቤቨርሊ ሂልስ ነው» አልኩት። አልሳቀም። የያዝኩትን ሳህን አስቀመጥኩ።

እኛ ዘንድ እግር የተሰበረ ሰው በሙዝና በብርቱካን ይጠየቃል። የጭንቅላት ሲሆን ግን «አበደ» ነው፤ ለዚያ ሙዝ የሚያመጣ የለም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እያሉ ያሳደጉን ሰዎች ናቸው ደብቂ የሚሉት። አክስቴ «ለማንም እንዳትተነፍሺ፤ ስሙ አለ፤ ልጅሽም ነገ ትዳር አላት» አለችኝ። ልጄ ያኔ የወተት ጥርሷን እንኳ አልጨረሰችም። አክስቴ ራሷ ጠበል ወሰደችው። እሱ ሃይማኖተኛ ነው፤ ጎንበስ ብሎ ተጠመቀ፤ ቀዝቃዛው ውኃ ራስ ምታቱን ለአንድ ከሰዓት ያህል አስታገሠለት። ያን ከሰዓት ሁላችንም ዳነ ብለን ነበር።

ስሙ ግን ሳንናገርም ሄደ። የቦርዱ ስብሰባ ለሕዝብ ክፍት ነው፤ በኢንተርኔትም ይተላለፋል። አንድ ረቡዕ የሰፈራችንን ልጆች የሚያመላልሰው አውቶቡስ እንዳይቀር ሐሳብ አቀረበ። ጥሩ አድርጎ ተናገረ፤ የእኛ ሰዎች ከኋላ ተቀምጠው አጨበጨቡለት። ሌላ ሌላውን ጉዳይ ጨርሰው የእሱን ሐሳብ ለድምፅ ሲያቀርቡት ማይኩን ሳብ አደረገና ይህን የማይረባ ነገር ማን አመጣው ብሎ ጮኸ። ሰብሳቢዋ «አንተው ነህ ያመጣኸው» አለችው። ቀልድ መስሎት ሰዉ ሳቀ። እሱም ሳቀ። ያን ሳቅ እኔ አውቀዋለሁ፤ ቪዲዮው ላይ ወደ ተሳሳተው ወንበር ሲሄድ የሚስቀው ሳቅ ነው። በማግስቱ ሰክሮ ነበር ተባለ። ከካናዳ ከተመለሰ ጀምሮ ቢራ አጠገቡ አይደርስም ነበር፤ ራሱን ስለሚያመው።

ከዚያ ቁጣው መጣ። እኔ ራሴ ቁጡ ነኝ፤ ቁጣን አውቀዋለሁ። የእኔ ቁጣ ምክንያት አለው፤ ይመጣል፣ ይናገራል፣ ይሄዳል። የእሱ ሳያንኳኳ ነው የሚገባው። አንድ ከሰዓት ልጃችንን ከዋና ማምጣት ረስቶ ሌላ ወላጅ አመጣቻት። ድምፄን ዝቅ አድርጌ «ረስተሃት እኮ ነው» አልኩት። አልነገርሽኝም፣ ሆን ብለሽ ነው፣ እብድ ልታስመስይኝ ነው አለና ገፋኝ። መግፋት የዚያ ሰው ሥራ እንደነበር አትርሱ። ምድጃው ጠርዝ ላይ ወደቅሁ፤ እጄ ከአንጓው ተሰበረ። ልጄ በር ላይ ቆማ አየች። እሱ እጄን ሲያይ መሬት ላይ ተቀመጠና እንደ ሕፃን አለቀሰ። «ሁ ዲድ ዛት?» ይለኛል። ማን አደረገሽ ይለኛል እኮ። ካምቤል መሥሪያ ቤቴ ወደቅሁ ብዬ ተናገርኩ። መውደቁንስ ወድቄያለሁ።

አሜሪካኖች እንዲህ ሲሆን ፖሊስ ይጠራሉ። እኛ ሽማግሌ እንጠራለን። አክስቴ እነዚያኑ ያጋቡንን ሦስቱን ጠራቻቸው። ሽማግሌ የሚያውቀው ሥራ አንድ ነው፤ ማን በደለ፣ ማን ተበደለ ብሎ ይጠይቃል፣ በዳዩን ቃል ያስገባል፣ ያስታርቃል። የታመመና የበደለ ሰው የሚለይበት ወግ የለውም። እኔ «ጋሼ፣ ይህ ሰው የታመመ ይመስለኛል» ስል ኢንጂነሩ እጃቸውን አነሡ።

«ልጄ፣ ቁጣ በሽታ ከሆነ ሁላችንም ሆስፒታል እንገባለን። አንቺም ምላስሽን ቆጠብ አድርጊ፤ እሱ ብቻ አይደለም ትዳር የሚጠብቀው።»

ምላሴ በዚያች ሰዓት ብዙ ነገር አምሮት ነበር። አክስቴ እግሬን ረገጠችኝ።

ወደ እሱ ዞረው «ሁለተኛ እጅህን በሚስትህ ላይ ላታነሣ ቃል ግባ» አሉት። ተነሥቶ ጉልበታቸውን ሳመ። «ቃል፣ ጋሼ። ፕሮሚስ አደርጋለሁ» አለ። ከልቡ ነበር፤ እንባው ሱሪያቸውን አረጠበው። ግንባሬን ሳመኝ። ልጃችንን ጠርተው መረቁን። ኢንጂነሩም «ቃል የእምነት ዕዳ ነው፤ በሉ በሰላም ኑሩ» ብለው ተነሡ። በምድጃው በኩል ሲያልፉ አላዩትም።

ወር ሳይሞላ፣ ሬዲዮ ቀንስ ስላልኩት መሰለኝ፣ ስልኬን ነጥቆ ግድግዳ ላይ ሰባበረው፤ ትከሻዬን ይዞም ናጠኝ። ልጃችን «ዳዲ፣ ዩ ፕሮሚስድ» እያለች ጮኸች። ቆም አለ።

«ፕሮሚስ? ለማን?»

«ለሽማግሌዎቹ» አልኩት።

«የምን ሽማግሌ?»

ፊቱን አየሁት። ውሸታም አውቃለሁ፤ ይህ ውሸት አልነበረም። ሽማግሌ መጥቶ እንደነበር፣ ጉልበት መሳሙን፣ ማልቀሱን፣ አንዱንም አያስታውስም። ዓይኑ ወደ ፍሪጁ ሄደ፤ ካላንደሩ ላይ ግን ስለ ቃል የተጻፈ ነገር የለም።

ኢንጂነሩ ሲሰሙ በጣም ተቆጡ። እሳቸው ፊት የተገባ ቃል እንዲህ በአጭር ጊዜ ሲፈርስ አይተው አያውቁም። «ቃሉን የበላ ሰው ነው፤ ከእንግዲህ በእሱ ጉዳይ አትጥሩኝ» ብለው አክስቴ ላይ ስልክ ዘጉ። ሽማግሌ የተወው ሰው ደግሞ ማኅበር ውስጥ ቦታ የለውም። ኮሚኒቲው ሌላ ሊቀ መንበር መረጠ። ምርቃት ላይ መጥራት ቀረ። ልጆቹን ማሠልጠኑንም ተወ፤ አንድ ልጅ ጭንቅላቱን አስቀድሞ ሲጋጭ ባየ ቁጥር ሜዳ ገብቶ እያለቀሰ ያቅፈዋል፤ ወላጆቹ ፈሩት። ቦርዱን በራሱ ፈቃድ ለቀቀ። ቅዳሜ ቅዳሜ በር ሲያንኳኩለት የነበሩት ሰዎች ቴሌግራፍ ላይ ሲያዩን መንገድ ይሻገራሉ። ከሁሉም የቆረጠኝ ያ ነው። እሱ አላየውም መሰለኝ፤ እኔ ግን አንድ በአንድ አይቻቸዋለሁ።

ማንንም ሳላማክር ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። ሐኪሟ «ስትጫወት ስንት ጊዜ ራስህን ስተሃል?» ብላ ጠየቀችው። «በአንድ ጨዋታ ነው ወይስ በሲዝን?» አላት። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ብዙ ምርመራ ተደረገለት። በመጨረሻ፣ ሕመሙ መመታቱ ያመጣው ሳይሆን አይቀርም፤ ሰው በሕይወት እያለ ግን በእርግጠኝነት ማወቅ አይቻልም፤ የሚታወቀው ከሞተ በኋላ አንጎሉ ሲመረመር ነው አለችን። ለብቻዬም ጠርታ ልጅሽን ይዘሽ ከዚያ ቤት ብትወጪ ይሻላል አለችኝ። እምቢ አልኳት። የመኪናውን ቁልፍ ግን የዚያን ቀን ወሰድኩበት።

እኔ የፈለግሁት አንድ ነገር ነበር፤ ያ ሁሉ ሰው «ታሞ ነው» እንዲል። ክፉ ሰው አለመሆኑ እንዲታወቅለት። ለኢንጂነሩ ደወልኩና ሐኪሟ ያለችውን ነገርኳቸው።

«ተረጋግጧል?» አሉኝ።

«እስኪሞት አይረጋገጥም፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው…» አሉና ሳይጨርሱት ቀሩ። ኢንጂነር ናቸው፤ ያልተረጋገጠ ነገር ላይ ድልድይ አይሠሩም። እኔም ከዚያ በኋላ አልደወልኩላቸውም።

እንደ ድሮው ሆኖ የሚነቃባቸው ቀኖች አሉ። በአንዱ እንዲህ ያለ ጠዋት እንቁላል ጠብሶ ልጃችንን ቁርስ ብሎ ጠራት። አልመጣችም። መታጠቢያ ቤት ገብታ ቆልፋለች። በጠራት ቁጥር «አይ አም ኦኬ፣ ዳዲ» ትላለች፤ ድምፅዋ ለማታውቀው ሰው እንደምትናገር ጨዋ ነው። በሩ ላይ ቆሞ እጀታውን አየው።

«ሁልጊዜ ትቆልፋለች?» አለኝ።

«አዎ» አልኩት። ምን ብዬ ልዋሸው?

መጥበሻውን አስቀምጦ ጓሮ ወጣ። በመስኮት ሳየው ስልክ እያወራ ነበር። ለማን እንደደወለ አልጠየቅሁትም።

እሁድ ከሰዓት በሩ ተንኳኳ። ስከፍት ኢንጂነሩ ናቸው፤ እነዚያ ሁለቱም ከኋላቸው አሉ፤ ሦስቱም ሙሉ ልብስ ለብሰዋል። እንዲገቡ አድርጌ ተቀመጡ አልኳቸው።

«አንቀመጥም፤ የመጣንበት ጉዳይ አለን» አሉ።

ያ የማይረባ ሳቄ መጣ። «ጋሼ፣ እኔ እኮ ተድሬያለሁ» አልኩ። አንዳቸውም አልሳቁም።

«ባልሽ ልኮን ነው» አሉ ኢንጂነሩ። ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ይዘዋል። «በስልክ ያለኝን እንዳለ እነግርሻለሁ፤ አማርኛውን ብቻ ነው ያረምኩት። ‹ጋሼ፣ ቃል ገብተህ ነበር ይሉኛል። አላስታውስም። የማላስታውሰውን ፕሮሚስ ኪፕ ማድረግ አልችልም። ልጄ ከእኔ በር ትቆልፋለች። ሚስቴን ሂጂ ብላት አትሄድም። እንድታገባኝ የጠየቃችሁልኝ እናንተ ናችሁ፤ ልጄን ይዛ እንድትሄድም እናንተ ጠይቁልኝ። ዛሬ አውቃለሁ፤ ነገ እንጃ› አለኝ።»

ከዚያ «እኔ ቃሉን የበላ ብዬዋለሁ፣ ልጄ» አሉ። «አፌ ይቆረጥ።»

በጣም ተናደድኩ። በማን እንደተናደድኩ እንጃ። እንዲህ ያለ ነገር በሽማግሌ ይላካል? ግን ቆሜ ሳስበው ገባኝ። ሐኪሟ ብላኝ እምቢ ብያለሁ። አክስቴ ብትለኝ እጣላታለሁ። እሱ ራሱ ቢለኝ እስቅበታለሁ። ቤቴ ቆሞ የሚጠይቀኝን ሽማግሌ ግን እምቢ ማለት አልለመድኩም፤ ያሳደጉኝ እንደዚያ ነው። አማርኛው ሰባራ የሆነው ባለቤቴ ይህን ከእኔ በላይ ያውቃል። እኔን የሚያስወጣ በር አንድ ብቻ ነበር፤ እሱንም ፈልጎ አገኘው።

አፌ የሚያውቀውን አለ። «አስቤበት ከሁለት ሳምንት በኋላ መልስ እሰጣለሁ።»

ኢንጂነሩ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ደንቡ ነው» አሉ።

ልሸኛቸው ተከትያቸው ወጣሁ። እሱ ደጅ፣ መኪናው ውስጥ፣ መሪው ፊት ተቀምጧል። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ቀበቶውን አስሯል። ሽማግሌዎቹን ሲያይ መስኮቱን ሊያወርድ ሞከረ፤ ቁልፍ ስለሌለው እምቢ አለው። በሩን ከፈተ። እንዲህ ፊቱ በርቶ ካየሁት ብዙ ጊዜዬ ነው። እኔን አላየኝም፤ ወይም አይቶኝ ማን እንደሆንኩ አላወቀም።

«ጋሼ፣ ምን አለች?»

ኢንጂነሩ ዞር ብለው አዩኝ። ከዚያ ወደ እሱ ጎንበስ አሉ።

«ቀጠሮ ተሰጠን» አሉት።

«ቀጠሮ? አፖይንትመንት?» አለ። «ዴንቲስት ናት እንዴ?»

ሳቀ። የመጀመሪያውን ቀን የሳቀውን ሳቅ ነው፤ ይቺን ያህል አልተለወጠም። ኢንጂነሩ ባርኔጣቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ እነዚያ ሁለቱ በክንዳቸው ያዟቸው። እሱ ሳቁን ጨርሶ «ኦኬ። አይ ካን ዌይት» አለና በሩን መልሶ ዘጋ።

በቀጠሮው ቀን እሺ አልኩ። ታላቅ ወንድሙ ኦክላንድ ቤት ገብቶ ከእሱ ጋር ይኖራል። እኔ ልጄን ይዤ ሳን ሆዜ፣ ያኔ ወደ ተጠየቅሁበት አክስቴ ቤት ተመለስኩ። ልጄ አሁን መታጠቢያ ቤት ስትገባ በሩን ገርበብ አድርጋ ትዘፍናለች። ኢንጂነሩ በኮሚኒቲው ስብሰባ ላይ ተነሥተው «ይህ ሰው ታሞ እንጂ ከፍቶ አይደለም፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ» ብለው ተናገሩ አሉ። አንዳንዱ ሰማቸው። ሌላው አሁንም የሚለውን ይላል።

እሁድ እሁድ እንሄዳለን። አንዳንድ እሁድ ያውቀኛል፤ እጄን አገላብጦ የተሰበረውን አንጓ ይዳስሳል። አንዳንድ እሁድ ግን መኪናው ውስጥ ነው የማገኘው። ገብቼ ጎኑ እቀመጣለሁ። የሙሽራዪቱ ዘመድ እመስለዋለሁ መሰለኝ፣ ወደ ቤቱ በር እያየ በትሕትና ይጠይቀኛል።

«መልሱ መጣ?»

«ገና ነው» እለዋለሁ።

«ኦኬ» ይላል። «አይ ካን ዌይት።»